«አፕዎ አርጅቷል» ከማለት በፊት

መስከረም 7 ቀን 1998 የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ተቀየሩ። ደሴና ኮምቦልቻም ከ03 ወደ 033 ገቡ። በሱቅ በር የተጻፈው፣ በማኅተም የተቀረጸው፣ በደብተር የተያዘው ቁጥር ሁሉ በአንድ ቀን አረጀ። ያኔ ደዋዩ ሰው ስለነበር ጠይቆ ያገኘዋል። ዛሬ የሚደዋወለው ሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር ደግሞ ጎረቤት አይጠይቅም።

የባንክ አፕ ከባንኩ ሰርቨር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲስተም ከቴሌብር ጋር የሚነጋገሩት በኤፒአይ ነው። «እንዲህ ከጠየቅኸኝ እንዲህ እመልስልሃለሁ» የሚል ውል ማለት ነው። አንዱ ወገን «ስም» የሚለውን «ሙሉ ስም» ብሎ ቢቀይረው በሌላው ወገን ያለው አፕ ይሰበራል። መላው የታወቀ ነው፦ አዲስ ነገር መጨመር ይቻላል፣ ያለውን መሰረዝና ትርጉሙን መቀየር ግን አይቻልም። የግድ ከሆነ ሁለተኛው ቨርዥን በሌላ አድራሻ ተከፍቶ አሮጌው ጎን ለጎን ይሠራል። ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ድርጅት ደንበኛውን ሥራ በጀመረበት ቨርዥን ላይ ያቆየዋል፤ የሚቀይረው ደንበኛው ራሱ ነው።

ክርክሩ «እስከ መቼ?» የሚለው ላይ ነው። ፕሮግራመሮች አሮጌ ቨርዥን መያዝ ወጪ ነው፣ የደኅንነት ቀዳዳም ይሆናል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ዛሬውኑ ይደፈን። ለቀረው ግን የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ የአዲስ አበባ ሒሳብ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ደሴ ሰኞ ገበያ ያለ ነጋዴ በዚያ መሐል አፑን በምን ያዘምን? ማስጠንቀቂያውስ በምን ይድረሰው?

ብዙዎች የሚንቁት *127# እዚህ ላይ ቁም ነገር ሠርቷል። ቴሌብር ከአፑ ጎን ያቆመው ይህ መንገድ ዳታ አይፈልግም፣ በቁልፍ ስልክም ይሠራል። ከዓመት ዓመት ቁጥሩ አለመቀየሩ ራሱ አገልግሎት ነው።

መስከረም 2013 የብር ኖት ሲለወጥ እንኳ አሮጌውና አዲሱ ለሦስት ወር በአንድ ኪስ ኖረዋል። ባንኮችና መሥሪያ ቤቶችም አሮጌ ቨርዥን የሚዘጉበትን ቀን ከካላንደር ላይ መምረጥ የለባቸውም። ሰርቨሩ ስንት ጥያቄ በአሮጌው በኩል እየመጣ እንደሆነ ይቆጥራል፤ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ገና ብዙ ከሆነ መዝጊያው ይገፋ።