ምርጥ ስብስብ መስማት ነውር ነው እንዴ?

«ምርጥ ስብስብ ብቻ የሚሰማ ሰው ባንዱን አያውቅም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ አልስማማም።

የአሜሪካኑን ሮክ ባንድ ኢግልስን የተዋወቅኩት ከ1971 እስከ 1975 በሠሯቸው ዘፈኖች ስብስብ ነው። በፈረንጆቹ 1976 የወጣ፣ ከአራት አልበሞች የተመረጡ 10 ዘፈኖች ብቻ ያሉት። በ2018 በአሜሪካ 38 ጊዜ ፕላቲነም ተብሎ ሲመዘገብ የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» በልጧል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር «የፍለጋ ወጪ» የሚባል ነገር ነበር። ዳታ በሜጋባይት እየቆጠርን ለምንገዛ ልጆች ይሄ ቀልድ አይደለም። አራቱንም አልበም ከማውረዳችን በፊት ቀድሞ የሚያቀምሰን ቢገኝ ምን ችግር አለው?

ደሞ የተመረጠው ገበያ ያደመቀው ብቻ አይደለም። «ዴስፔራዶ» በነጠላ ዘፈንነት ወጥቶ አያውቅም፤ ስብስቡ ውስጥ ግን አለ። ብዙ የተደመጠውን ብቻ የሚያስቀድም ዝርዝር ቢሆን ኖሮ ያኔ ይዘለው ነበር።

ጉድለቱን አልክድም። «ሆቴል ካሊፎርኒያ»ን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ የወጣው ከስብስቡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ስለዚህ እዚያው አትቁሙ። ከወደዳችሁት አንዱን ያዙና የወጣበትን አልበም ሙሉውን ስሙ። እኔ ከ«ዴስፔራዶ» ጀመርኩ። ጓደኞቼ ገና እየተከራከሩ ነው።