አክሲዮን መሸጥ ባንዳነት አይደለም፣ መያዝም ጀግንነት አይደለም

ወገን፣ ይህን ስለጥፍ ስድብ እንደሚዘንብብኝ አውቃለሁ። ይዝነብ። ግን እስከ መጨረሻ አንብባችሁ ስደቡኝ።

ባለፉት ዓመታት ብዙዎቻችን «በምሥረታ ላይ» ከሚባል አክሲዮን ማኅበር ሼር ገዝተናል። አንዱ ባንክ ነው፣ አንዱ ዘይት ፋብሪካ፣ ሌላው የግብርና ማቀነባበሪያ። የገዛነው ግን ሰነድ አንብበን አልነበረም። «የራሳችን ነው» ስለተባልን ነው። ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ዘፈን ተከፍቶ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበ ነው የተሸጠልን። አሁን ዋጋው ሲወርድ ደግሞ በዚያው ቋንቋ «የያዘ ጀግና፣ የሸጠ ባንዳ» እየተባልን ነው።

እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ከራሴ ቤት ልጀምር።

በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ እስካሁን ሥራ የለኝም። በተመረቅኩ ሰሞን እናቴን አሳምኜ የአንድ ምግብ ማቀነባበሪያ 40 አክሲዮን አስገዛኋት፣ አንዱ በ1,000 ብር። መጀመሪያ ሩቡን 10,000 ብር ከፈለች። ላዩ ላይ የማይመለስ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ 2,000 ብር። ቀሪውን 30,000 ዕቁቧ ሲደርሳት ሰጠች። «አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል? ካልክ እሺ» ብቻ ነበር ያለችኝ።

ፋብሪካው ዛሬም የታጠረ ባዶ መሬት ነው። በባለአክሲዮኖቹ የቴሌግራም ግሩፕ አንዱ በ700 ብር ልሽጥ አለ። ከወራት በኋላ ሌላው በ500 አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት «ልጄ ታማብኛለች፣ በ350 የሚወስድልኝ ካለ» ብለው ጻፉ። መልሱ ምን ነበር? «ወኔ የሌለው መጀመሪያውኑ አይገባም ነበር።» ሌላው «ባንዳ» አላቸው። ከዚያ ከግሩፑ ተባረሩ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ቆይ፣ ዋጋው ግን ለምን ወረደ? ግሩፑ ውስጥ መልሱ አንድ ነው፦ «ጠላት አሲሮብን።» እስኪ ሒሳቡን እንየው።

የማኅበሩ የፕሮጀክት ጥናት ሲሠራ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። 57 ሚሊዮን ብር ይበቃዋል የተባለ የ1 ሚሊዮን ዶላር ማሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ ፈለገ ማለት ነው። የእኛ ገንዘብ ግን ባንክ ተቀምጦ ያው ብር ነው። ማሴር አያስፈልግም፣ ይህ ብቻውን ጥናቱን ውድቅ ያደርገዋል።

ታዲያ ማኅበሩ ምን ያደርጋል? አዲስ አክሲዮን ያወጣል። 100,000 አክሲዮን የነበረው ማኅበር ሌላ 100,000 ቢሸጥ የእናቴ 40 አክሲዮን ቁጥሩ አይቀነስም፣ ከድርጅቱ ያላት ድርሻ ግን በግማሽ ይወርዳል። ነባር ባለአክሲዮን ቀድሞ የመግዛት መብት አለው ይባላል፣ እውነት ነው። ግን በምን ገንዘብ?

ደንብ ሲቀየርም እንዲሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የአንድ ባንክ ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። በምሥረታ ላይ ከነበሩት ባንኮች አንዳንዶቹ በራቸውን ሳይከፍቱ ቀሩ። የእነዚያ ባለአክሲዮኖች ወኔ ስላጠራቸው ነው? አይደለም። ገና ያልተጀመረ ድርጅት አደጋው ይህ ነው፣ ሲሸጥልን ግን ማንም አልነገረንም።

«ግድቡንስ በምን ገነባነው?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሕዝቡ ከጉሮሮው ቀንሶ ነው የሠራው፣ በዚህ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። ግን ወገን፣ ያኔ የገዛነው ቦንድ ነው። ቦንድ ብድር ነው። ጊዜው ሲደርስ ዋናውን ከነወለዱ የመመለስ ግዴታ አለ። አክሲዮን እንደዚያ አይደለም። ድርጅቱ ካተረፈ ትካፈላለህ፣ ከከሰረ አብረህ ትከስራለህ፣ «መልስልኝ» የምትለው ሰው የለም። ሁለቱን እያምታታ በግድቡ ስም ሼር የሚሸጥ ሰው የግድቡን ክብር እየቸረቸረ ነው።

«አዋሽ ባንክን አታይም? የያዙት አለፈላቸው» የሚሉም አሉ። አይቻለሁ። አዋሽ በ1987 ዓ.ም. በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተቋቋመ፣ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሥራ ጀመረ። እነዚያ ሰዎች የያዙት የሚሠራ ባንክ ነበር። በየዓመቱ ምን እንዳተረፈ እያዩ ነው የታገሡት። እኛ ግን እንድንታገሥ የተጠየቅነው ምንም ሳናይ ነው።

ለእናቴ የግሩፑን መልእክት ሳነብላት ያለችኝን ልንገራችሁ። «ዕቁብ ላይ እኮ ዳኛውን እንጠይቃለን። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ይመጣል። ገንዘቡን የጠየቀ ሰው ተሰድቦ አያውቅም።» በቃ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ያላሰብኩትን ነው የነገረችኝ።

ስለዚህ አክሲዮኑን የያዛችሁ ወንድምና እህቶቼ፣ ከመሸጣችሁም ሆነ ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ የያዝኩትን አክሲዮን ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ እንደ አዲስ እገዛው ነበር? የእናቴ 40 አክሲዮን በ350 ሒሳብ 14,000 ብር ነው። 14,000 ብር በእጄ ቢኖር ይህንኑ ማኅበር እገዛበታለሁ? የከፈልነው 42,000 ሄዷል፣ እሱ መልስ ሊሆን አይችልም። «የገዛሁበት እስኪመለስ» እያለ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ድርጅቱን ሳይሆን የራሱን ቁጭት ነው።

ሁለተኛ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ አይቻለሁ? ፎቶና ቪዲዮ አላልኩም። ሒሳብ። ባለአክሲዮን ይህን የማየት መብት አለው፣ ልመና አይደለም።

ሦስተኛ፣ ያልከፈልኩት ቀሪ አለ? ሩቡን ብቻ ከፍሎ የፈረመ ሰው ሦስት ሩቡን ዕዳ እንደያዘ ይወቅ። ዋጋው ወረደ ብሎ መክፈል ቢያቆም ዕዳው አይሰረዝለትም።

አራተኛ፣ ብሸጥ ዝውውሩ በማኅበሩ የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ይሰፍራል? በቴሌግራም ተስማምቶ ገንዘብ የተቀባበለ ሁሉ ሼር አልተሻሻጠም። ስሙ መዝገቡ ላይ ካልገባ ማኅበሩ አያውቀውም።

አዲስ ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ፣ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ያጸደቀውን ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ሳታነቡ አንድ ብር እንዳትሰጡ። አደጋው የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፣ እዚያ የተመዘገበ ድርጅት ዋጋው በአደባባይ ይታያል። የእኛ ዓይነቱ ማኅበር ግን ዋጋው የሚታወቀው አንድ የተቸገረ አባት ሲለምን ብቻ ነው።

እኔ ምን ወሰንኩ? ከእናቴ ጋር ተነጋግረን ለጊዜው ይዘነዋል። ጀግና ስለሆንን አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤ ሊጠራ ነው ተብሏል፣ ውክልና ትሰጠኛለች፣ ሄጄ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ በባንክ ስንት ብር ቀረ? ማሽኑ ዛሬ ስንት ነው? ግንባታው በየትኛው ቀን ይጀመራል? ቁጥር ከሰጡን እንቆያለን። ዘፈን ከከፈቱልን በተገኘው ዋጋ ሸጠን እንወጣለን። አዲስ አክሲዮን ግን እስከዚያ አንገዛም።

ለልጁ ሕክምና፣ ለቤት ኪራይ ብሎ የሚሸጥን ሰው ግን ማንም አይሳደብ። የራሱን ገንዘብ ነው ያወጣው። ሊወቀስ የሚገባው ሰነድ ሳያሳይ የሸጠው ነው። እውነቱን ካወራን፣ ማስታወቂያውን በየገጻችን ስናራግብ የነበርነው እኛም አለንበት። እኔ ያኔ ያጋራሁትን ፖስት አላጠፋሁትም፣ ከሥሩ ይህን ጽሑፍ ለጥፌበታለሁ።

ከግሩፑ የተባረሩትን አባት አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በእሳቸው ስምም ጉባኤው ላይ እጄን አወጣለሁ። የዚያው ማኅበር ባለአክሲዮን የሆናችሁ ኑ፣ አብረን እንቀመጥ። የሌላ ማኅበር የሆናችሁም በየጉባኤያችሁ ጠይቁ።

ሀገሬን እወዳታለሁ። የእናቴን ዕቁብ በሀገሬ ስም የወሰደ ሰው ግን መዝገቡን ይዞ ይምጣ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!