ስለ ተምችና ስለ እናቱ

ዝናብ ከዘነበ ከጥቂት ቀን በኋላ ለምልሞ የነበረ የጤፍ ማሳ በጥቁር ትል ተወርሮ ሲገኝ፥ ብዙ ሰው ተምቹ ከዝናቡ ጋራ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል። ነገር ግን ተምች እናት አለው፤ እርስዋም በሌሊት በመብራት ዙሪያ የምትዞር የእሳት እራት ናት።

ይህች የእሳት እራት ክንፍዋ ተዘርግቶ ሲለካ ከ3 ሳንቲሜትር ብዙ አይበልጥም፤ የፊት ክንፍዋ ግራጫና ቡናማ፥ የኋላ ክንፍዋ ነጣ ያለ ነው። የሌሊት ነፋስ ከሩቅ አገር ያመጣታል፤ ዝናብም ከብጤዎችዋ ጋራ በአንድ ስፍራ ይሰበስባታል። በዚያም በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል፤ ትሉም ከ2 እስከ 3 ሳምንት በልቶ ወደ አፈር ይገባና በ10 ቀን ገደማ ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ትሉ ለብቻው ሲሆን አረንጓዴ ነው፤ ሲበዛ ግን ይጠቁርና እንደ ጭፍራ ሆኖ ይጓዛል።

መብሉ የሣር ወገን የሆነ ሁሉ ነው፤ ይኸውም ጤፍ፥ በቆሎ፥ ማሽላ፥ ገብስ፥ ስንዴ፥ ዳጉሳ፥ የከብት ግጦሽም ጭምር ነው። ባቄላንና ሽምብራን ግን አብዛኛውን ጊዜ አልፎ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. በአገራችን የታየው የአሜሪካ ተምች ሌላ ወገን ነው፤ እርሱ ይልቁንም በቆሎን ይወዳል።

ዋናው ነገር ይህ ነው። ትሉ በልጅነቱ የሚበላው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጥፋቱን የሚያደርሰው በመጨረሻዎቹ ቀኖች ነው። ስለዚህ ወሬው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳም ወደ ዞን በደብዳቤ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሹም፥ መድኃኒቱን የሚያደርሰው ትሉ አፈር ከገባ በኋላ ነው። የሴቲቱን ሽታ በሚመስል መድኃኒት ወንዱን የሚይዝ ወጥመድ አለ፤ በወጥመዱ የተገኘው ቍጥር በዚያው ቀን ለበላዩ ሊነገር ይገባል።

ለካህናትም የምንለው አለን። ነቢዩ ኢዩኤል ተምችን ከአንበጣና ከኩብኩባ ጋራ ጠርቶታልና ክፋቱን ያውቁታል። ገበሬው በዓል ነው ብሎ ማሳውን ሳይጠብቅ ተከታታይ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በጕድጓድ የወደቀውን በሬ በሰንበት ማውጣት እንዲገባ ወንጌል ካስተማረን፥ የልጆቹን እንጀራ ከተምች አፍ የሚያወጣውን ሰው ማን ይነቅፈዋል? ይህን ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢናገሩት፥ ሕዝቡ ከሹም ደብዳቤ ይልቅ ይሰማቸዋል።

ተምች ቀን አይሰጥም፤ እኛም ቀን ልንሰጠው አይገባም።