«ኬዝ» አይደለንም፤ ባለጉዳዮች ነን



ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሁለት ሆሄ ብቻ ነው፤ ኬዝ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። የሁላችንም ነገር ነው።

እስቲ በቀን ስንት ጊዜ እንደምንለው ቁጠሩ። «ኬዝህ ከምን ደረሰ?» «የሷ ኬዝ ጠንካራ ነው።» «የእነ እንትና ኬዝ ተዘጋ።» «ኬዝ ቁጥርህን ይዘህ ና።» ካኩማ ሂዱ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ሂዱ፣ ካምፓላ ሂዱ፣ ያው ነው። ሌላ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቁ እናቶቻችን እንኳ ይህን ያውቁታል። «ልጄ፣ ኬዛችን መቼ ይሆን የሚንቀሳቀሰው?» ይላሉ።

እኔ ይህ ቃል በአፋችን ላይ የያዘው ቦታ እየጎዳን ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ቃሉ ከየት መጣ?

የሰው ዘር ሲቆጠር የደረሰብንን ሁላችንም እናውቃለን። የቃል ዘር መቁጠር ግን ማንንም አያፈናቅልምና እንቁጠር።

እንግሊዞች ኬዝን የወሰዱት ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲን። በላቲን «ካሱስ» ይባላል። «ካዴሬ» ከሚል ግስ የወጣ ሲሆን ቀጥተኛ ፍቺው «ውድቀት» ነው። ከዚያ ፍቺው እየሰፋ «በሰው ላይ ድንገት የወደቀ ነገር»፣ «አጋጣሚ»፣ «የደረሰ ነገር» ማለት ሆነ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሳናስበው የመጣብንን መከራ «ዱብ ዕዳ» እንል የለ? ዕጣስ ቢሆን «ወደቀበት» አይደል የምንለው? ሮማውያንም እንደኛው ነው ያሰቡት።

ቃሉ በእንግሊዝኛ ውስጥ ብዙ ዘመድ አለው። አደጋ የሚባለው «አክሲደንት»፣ በጦርነትና በአደጋ የተጎዳ ሰው የሚጠራበት «ካዡዋልቲ»፣ እኛም በየቀኑ የምንለው «ቻንስ»፣ ሁሉም መነሻቸው ያው የመውደቅ ግስ ነው። ኬዝና ቻንስ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳውቅ ሳቄ መጣ። ሪሰትልመንት የሚጠብቅ ሰው ይህን ዝምድና መዝገበ ቃላት ሳይከፍት ያውቀዋልና።

ሌላም ኬዝ አለ። ሱትኬዝ፣ የመነጽር ኬዝ የምንለው፣ ማለትም ሣጥን ወይም ማኅደር። ይሄኛው ዘሩ ሌላ ነው። የመጣው «ካፕሳ» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ እሱም መያዝ ማለት ከሆነው «ካፔሬ» ከሚለው ግስ ወጥቷል። ምርኮኛ ማለት የሆነው «ካፕቲቭ» የዚሁ ግስ ልጅ ነው። ሁለቱ ኬዞች በእንግሊዝኛ በድምፅም በአጻጻፍም ተገናኙ እንጂ ሥጋ ዝምድና የላቸውም።

በመዝገበ ቃላት ዝምድና የላቸውም። በእኛ ሕይወት ግን ተጋብተዋል። መጀመሪያ ወደቅን፣ ቀጥሎ ሣጥን ውስጥ ተከተትን።

ሰው እንዴት ኬዝ ይሆናል?

እውነቱን ለመናገር ቃሉ በእንግሊዝኛ ክብር ያለው ፍቺም አለው። ፍርድ ቤት ውስጥ ኬዝ ማለት ክርክር ነው። «ኬዝ አለህ» ሲሉ «የሚያስኬድ ምክንያትና ማስረጃ አለህ» ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ሰውዬው የኬዙ ባለቤት ነው። ቃሉ ሐኪም ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐኪሙ ኬዝ የሚለው በሽታው በአንድ ሰው ላይ የታየበትን ሁኔታ ነው፤ ሲውል ሲያድር ሰውዬው ራሱ ኬዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ «ዛሬ ይህን ያህል አዲስ ኬዝ» ሲባል እየሰማን አመሸን። ያ ቁጥር እኮ የሰው አባት፣ የሰው እኅት ነበር።

የስደተኛ ቢሮዎች ቃሉን የያዙት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። በዩኤንኤችሲአር አመዘጋገብ ኬዝ ማለት አብሮ የሚስተናገድ ቤተሰብ ነው። አንድ ዋና አመልካች አለው፣ ሌሎቹ ከሥሩ ይጻፋሉ። ስለዚህ አምስት ነፍስ «ኬዝ ሳይዝ አምስት» ይሆናል። ሕፃን ሲወለድ ኬዙ ላይ «አድ» ይደረጋል። ባልና ሚስት ሲለያዩ ኬዙ «ስፕሊት» ይሆናል። ትዳር ፈረሰ፣ ቤት ተበተነ የሚል የለም፤ ኬዙ ተከፈለ ነው።

አድልዎ እንዳይሆንብኝ ይህንም ልበል። በሺህ የሚቆጠር ፋይል የሚያገላብጥ ሠራተኛ ቁጥር ያስፈልገዋል። መዝገብ ያለ ቁጥር አይሠራም። ቁጥሩን ለመዝገቡ ይስጡት፣ አልከራከርም። የምከራከረው በር ላይ ቆሞ «ያ ኬዝ ይግባ!» ብሎ ከሚጣራ ሰው ጋር ነው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የተጠሩት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አባት ነበሩ። ስማቸው እኮ ከቁጥሩ ጎን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። እሱን ማንበብ ምን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ስታቆም የሆነውንም አስታውሱ። የአውሮፕላን ቲኬት የተቆረጠላቸው፣ የቤት ዕቃቸውን ሸጠው የጨረሱ ሰዎች ቀሩ። «ኬዛችሁ ቆሟል» ተባሉ። ለኬዝ መቆም ምኑም አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰው ግን እንደዚያ አይቆምም። የቤት ኪራይ ይደርስበታል፣ ልጁ ይታመምበታል፣ ዕድሜው ይሄዳል። «ኬዝ ቆመ» የሚለው አነጋገር ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

የሚሸጠው ኬዝ

እስካሁን ስለ ቢሮው አወራሁ። አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልግባ፤ የሚያመውም እዚህ ነው።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል ያገራችን ሰው። ከምሳሮቹ ሁሉ የከፋው በገዛ ቋንቋችን የሚያናግረን ኬዝ ሻጭ ነው። ኬዝ ከሰውዬው ተነጥሎ የሚታይ ዕቃ ነው ብለን ስለተቀበልን ዕቃው ገበያ ወጣ። «ያንተ ደካማ ነው፣ እኔ ጠንካራ ኬዝ እሰጥሃለሁ» ይላል። ዋጋ ይቆርጣል። ገንዘቡ ከጂዳ ወይም ከቤሩት፣ ሰው ቤት ጎንበስ ቀና ስትል ከምትውል እኅት ይመጣል።

አገር ቤት ነገር የሚያስፈጽምልንን ሰው «ጉዳይ ገዳይ» እንለው ነበር። ለሙገሳ ነው የምንለው። ይህኛው ግን እውነትም ገዳይ ነው።

የማውቃት አንዲት ልጅ አለች። ወንድሟ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። እሷንም ሁለት ጊዜ ጠርተው ስለ እሱ መረመሯት፤ ለሦስተኛው ጥሪ ሳትቀርብ ድንበር ተሻገረች። ደላላው ይህን ሰምቶ «ይሄ አይሸጥም» አላት። የአንድ ፓርቲ አባል ነበርኩ የሚል ታሪክ አስጠናት። ኢንተርቪው ላይ ስለ ፓርቲው አሠራር ሲጠይቋት ጠፋባት። ቃሏ እርስ በርሱ ተጋጨና ወደቀች። እኛም «ወደቀች» ነው የምንለው፤ ላቲኑን ሳናውቅ ቃሉን ወደ መነሻው መለስነው። የራሷ ታሪክ፣ ሌሊት የምታለቅስበት እውነት፣ አድማጭ ሳያገኝ ቀረ።

ሕጉን ብታውቅ ኖሮ ደላላ አያስፈልጋትም ነበር። እ.ኤ.አ. የ1951 የጄኔቫ ስምምነት በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባልነት ወይም በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት እሳደዳለሁ ብሎ በቂ መሠረት ያለው ስጋት ያደረበትን ሰው ስደተኛ ይለዋል። የፖለቲካ አመለካከት ሲባል ደግሞ አንተ በእርግጥ የያዝከው ብቻ አይደለም። አሳዳጅህ «አለህ» ብሎ የጠረጠረህም ይቆጠራል። በወንድሟ የተነሣ የተጠረጠረች እኅት በዚህ በኩል መከራከር ትችል ነበር።

ከዚህም ሌላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እዚያው አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው ስምምነት አለ። እሱ የውጭ ወረራ፣ የባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ያናጋ ሁኔታ ከቀዬው ያስወጣውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። ኬንያም ኡጋንዳም ይህን ትርጉም በሕጋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ታዲያ ጦርነት አባሮህ የመጣህ ሰው የፓርቲ ታሪክ መግዛት ለምን ያስፈልግሃል? በገዛ ከተማችን የጸደቀ ሕግ እያለልን ልብ ወለድ በዶላር እንገዛለን!

ባለጉዳይ

ታዲያ ምን እንበል? ቃሉማ አለን። ጉዳይ። ሰውዬውስ? ባለጉዳይ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ኬዝ ስትባል ነገሩ አንተው ራስህ ነህ። ባለጉዳይ ስትባል ነገሩ ሌላ፣ አንተ ሌላ፤ አንተ ባለቤቱ ነህ። ባለሙያ፣ ባለሱቅ፣ ባለርስት እንደምንለው። ጉዳይህ ሊዘገይ፣ ሊዘጋ፣ ውድቅ ሊሆን ይችላል። አንተ ግን አትዘጋም።

«አገር ቤት ባለጉዳይ ተብለን ምን አተረፍን? ዛሬ ሂድ ነገ ና ስንባል አይደል የኖርነው?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ቃል ብቻውን ቢሮ አያስተካክልም። ነገር ግን ባለጉዳይ አቤት ይላል፤ ኬዝ አቤት ማለት አይችልም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። መጀመሪያ ባለቤት መሆናችንን ራሳችን እንመን።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ኢንተርቪው ስትገቡ የራሳችሁን ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። ቀኑን ካላስታወሳችሁት «አላስታውሰውም» በሉ፤ ከመፈልሰፍ ይሻላል። አስተርጓሚው ያለው ካልገባችሁ ወይም እናንተ ያላችሁትን ካጣመመው እዚያው ተናገሩ። ወጥቶ ማማት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ ውድቅ ከሆነባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የይግባኙን የጊዜ ገደብ ወረቀቱ ላይ እዩና እንዳያልፍባችሁ። ያዘነ ሰው ፖስታውን ትራስ ሥር ይከተዋል፤ ቀኑ ግን ይቆጥራል።

ሦስተኛ፣ ዩኤንኤችሲአር ለምዝገባም ለሪሰትልመንትም ገንዘብ አያስከፍልም። በዚህ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ማንም ይሁን ማን፣ መታወቂያም ያንጠልጥል፣ ሌባ ነው። ከዓለም ስደተኞች በዓመት ሪሰትልመንት የሚያገኘው ከመቶ አንድ አይሞላም። ደላላ ይህን በር ማስፋት አይችልም፤ ኪሳችሁን ማጥበብ ግን ይችላል።

አራተኛው በውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችን ነው። ስትደውሉ «ኬዝህ ከምን ደረሰ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዴት አደርክ በሉን። ሥራ አገኘሽ ወይ? ሕፃኑ ዳነ ወይ? በሉ። ኬዙ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ሕይወቱም የቆመ ይመስላችኋል። እዚህ ሰው ያገባል፣ ይወልዳል፣ ሻይ አፍልቶ ይሸጣል፣ ስዋሂሊ ይማራል፣ ወዳጁን ይቀብራል። ስልካችሁን የማያነሡ ብዙ ልጆች አሉ። ጠልተዋችሁ አይደለም፤ ለዚያ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ስለሌላቸው አፍረው ነው። ደግሞም «ጠንካራ ኬዝ ልግዛ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቃችሁ፣ ስለ እግዜር ብላችሁ አትላኩ። ያንኑ ገንዘብ ለኪራዩ ላኩለት።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይላሉ አባቶች። ቤት ውስጥ እርስ በርስ ኬዝ እየተባባልን ጎረቤት በስማችን ይጥራን ብንል አያምርብንም። እኔን ከዛሬ ጀምሮ «ጉዳይህ እንዴት ነው?» በሉኝ፤ እሱንም ጤናዬን ከጠየቃችሁ በኋላ።

ጽሑፉን ለሌላው አጋሩት፤ በተለይ የኢንተርቪው ቀኑ ለቀረበ ሰው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁም ከታች ጻፉልኝ፣ እንወያይበት።

ቸር ወሬ ያሰማን።