ሦስተኛው ቅባት ከመታዘዙ በፊት

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ከአቃቂ ቃሊቲ

ጉዳዩ፦ በሴት ብልት ውጫዊ ቆዳ ላይ ለቆየ ሕመም የባዮፕሲ ምርመራ ቋሚ አሠራር እንዲሆን ስለመጠየቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ይህ ደብዳቤ ግን ስላልደበቀችው ሴት ነው፤ እፍረቷን አሸንፋ «ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል» ብላ ስለተናገረች፣ የፈንገስ ቅባት ተሰጥቷት ሳይሻላት ስለተመለሰችና ሌላ ቅባት ስለታዘዘላት ሴት።

በሴት ብልት ውጫዊ ቆዳ ላይ የሚወጣው የፓጄት በሽታ እንዲህ የሚያታልል ካንሰር ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓጄት በ1874 እ.ኤ.አ. በጡት ጫፍ ላይ ገልጸውት ነበር፤ በ1901 ፈረንሳዊው የቆዳ ሐኪም ዱብሬይል በሴት ብልት ላይም እንደሚወጣ አሳወቁ። በብዛት የሚታየው የወር አበባቸው በተቋረጠ ሴቶች ላይ ነው። ቀላ ያለ፣ ዳርቻው የተለየ፣ እዚህም እዚያም ዱቄት የተነሰነሰበት ችፌ ይመስላል። በዓይን ብቻ አይለይም። ቦታው በመርፌ ደንዝዞ 4 ሚሊሜትር ያህል ቆዳ ይወሰድና በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይላካል፤ ቁርጡ የሚታወቀው እዚያ ነው።

መዘግየቱ የሚጎዳው በቀዶ ሕክምናው ጭምር ነው። ካንሰሩ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሳያልፍ ከተደረሰበት የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው፤ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ሊሄድ ይችላል። ሴሎቹ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ውስጥ ስለሚሰራጩ ቀዶ ሐኪሙ ከሚታየው ዳርቻ አልፎ መቁረጥ ይኖርበታል። ቁስሉ ከሰፋ ከሌላ የሰውነት ክፍል ቆዳ አምጥቶ መሸፈን ሊያስፈልግ ይችላል። በሽታው ደጋግሞ የመመለስ ጠባይ ስላለው ክትትሉም የዓመታት ነው።

«ብርቅ ለሆነ በሽታ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። ብርቅነቱ እውነት ነው። ባዮፕሲው ግን ለፓጄት ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ይልቅ የተለመደውን የስኳመስ ሴል ካንሰር፣ ሜላኖማንና ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ የቆዳ ለውጦችን ሁሉ ያሳያል። የፓቶሎጂ ሐኪሞች ጥቂት መሆናቸውም ተገቢ ስጋት ነው። ለዚህም ነው ጥያቄዬ ያሳከካት ሁሉ ትመርመር የማይለው፤ በአግባቡ ታክማ ያልዳነችው ብቻ ትመርመር ነው። «ሴቶቹ ያፍራሉ» ለሚለው ደግሞ፣ ለማህጸን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አልጋው ላይ የወጣች ሴት እፍረቱን አልፋዋለች። ውጫዊውን ቆዳ አብሮ ማየት ከደቂቃ አይበልጥም።

ስለዚህ ቢሮው ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። በቅድመ ምርመራው ላይ ውጫዊ ቆዳን ማየት ግዴታ ይሁን። በሕክምና ያልዳነ ሕመም ሌላ ቅባት ሳይታዘዝለት ለባዮፕሲ ይላክ። የአቃቂ ሴት ናሙናዋ እዚሁ፣ ለምሳሌ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ማዕከል ይሂድ፤ መንገዱን የምትመላለሰው ታማሚዋ አትሁን። እሷ ሕመሟን ገልጣ የራሷን ድርሻ ተወጥታለች፤ የቀረው የእናንተ ነው።

ከአክብሮት ጋር