ምድር ቤቱ ውስጥ ማን ሊያድር ነው?

ዛሬ ከመድኃኒት ወጣ ብለን ስለ ቤት ግዢ እናውራ። (በጠቅላላ ሐኪም ደሞዝ ቤት ልገዛ አይደለም፣ አትሳቁ።)

ጥር ላይ ያክስቴ ልጅ «ዶክተርዬ፣ ና አንድ ቤት አብረን እንይ» ብሎኝ ባምቢስ አካባቢ ሄድን። ያደገው ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ብዙ ቤት በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስለፈረሰ፣ እዚያ አካባቢ የሚሸጥ ቤት ሲያገኝ ልቡ ይቸኩላል። ቤቱ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ከሥሩ ምድር ቤት አለው። ላይኛው ያምራል። ወደ ታች ስንወርድ ግን የከረመ እርጥብ ጆንያ የሚመስል ሽታ ተቀበለን። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ግን ቀለሙ አብጦ ተላልጧል። ስነካው ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ደላላው «ክረምት ላይ ትንሽ ወዝ አለው እንጂ ሌላ ችግር የለውም» አለ። እኛ ያየነው እኮ በጥር ነው!

ያክስቴ ልጅ ደግሞ «እኔ አልተኛበት ምን ቸገረኝ? ለሠራተኛዋ ይሆናል፣ ካልሆነም ለተማሪ አከራየዋለሁ» አለኝ።

እዚች ላይ ተጣላን።

አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ክረምቱን ሙሉ ስታስል ቆይታ ወደ እኔ መጣች። ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስዳለች። የአክታ ምርመራዋ ቲቢ የለም ይላል። ሌሊት ይብስባታል፣ ደረቷም ሲር ሲር ይላል። «የት ነው የምትተኚው?» ብዬ የጠየቅኳት እኔ ራሴ በሦስተኛ ቀጠሮዋ ነው። «ምድር ቤት ነው ዶክተር፤ ፍራሼም ከሥሩ ይረጥባል» አለችኝ። አስም ነበረባት። የሚነፋ መድኃኒት አዘዝኩላት፣ ሌላ ክፍል ግን ማዘዝ አልችልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከደረት ሲር ሲር ማለትና ከአስም መባባስ ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ፣ አዋብ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን እ.ኤ.አ. በ2020 ሞተ። ምክንያቱ በቤታቸው የነበረው ሻጋታ መሆኑ በ2022 በይፋ ተረጋገጠ፤ በስሙም ሕግ ወጣ። እርጥበት ራሱ ቲቢ አያመጣም፣ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቲቢ ያለበት ሰው ካሳለ፣ አብረውት ለሚያድሩት መትረፉ ይቀላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ከሰሉ ነው። ክፍሉ ሲበርድና ሲረጥብ «ትንሽ ይሙቅ» ተብሎ ከሰል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። እባካችሁ፣ ከሰል የተኛ ሰው ያለበት ክፍል አይግባ። ፍም ብቻ ቢቀርም ያው ነው!

በረኪናስ? የሚታየውን ሻጋታ ያነጣዋል፣ ውኃው እስካለ ተመልሶ ይመጣል። ከሌላ ማጽጃ ጋር ቀላቅላችሁ ደግሞ ሳንባችሁን እንዳታቃጥሉ። አዲስ ቀለም መቀባትም ያው መሸፈን ነው።

የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ምድር ቤት ያለው ቤት በነሐሴ ይታይ። መጠበቅ ካልቻላችሁ አንድ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉና ሁለት ቀን ተዉት፤ ከሥሩ ካላበው ውኃው ከመሬት እየመጣ ነው። ጎረቤትንና ዘበኛውን ጠይቁ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደሆነም እዩ። ማስጠገኛው ስንት እንደሚፈጅ መሐንዲስ ይንገራችሁ፣ ያ የኔ ሥራ አይደለም።

ያክስቴ ልጅ እስካሁን አልፈረመም። ነሐሴ ላይ ተመልሼ ልየው ብሏል፤ ደላላው «እስከዛ ይሸጣል» እያለ በየቀኑ ይደውልለታል። ከገዛው ለሠራተኛዋ ላይ ያለችውን ባለ መስኮት ትንሽ ክፍል አስቦላታል። ምድር ቤቱ ለጎማና ለቆርቆሮ ይበቃል።