«ድሩፓል ነፃ ነው» ያላችሁን ሰዎች፣ ጽሑፎቻችን የት ገቡ?

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሥራ ሳመለክት ከአሥር ዓመት በፊት ከጻፍኳቸው ዘገባዎች የሦስቱን ሊንክ ላክሁ። በማግስቱ «አይከፈቱም» የሚል መልስ መጣልኝ። ስሞክራቸው እውነትም አይከፈቱም። አንደኛው ጭራሽ ወደ ቁማር ማስታወቂያ ይወስዳል። ያኔ አዘጋጅ ለነበረው ወዳጄ ደወልኩለት። «ኧረ እሱ'ኮ ድሩፓል 7 ነበር፤ ተጠለፈና ተውነው» አለኝ። ስንት ዓመት የተሠራበት? «ስድስት።» ባክአፕስ? ሳቀ።

ለማታውቁት፣ ድሩፓል ድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ዜና ጽፈህ፣ ፎቶ ለጥፈህ፣ «አስቀምጥ» የምትልበት የጓዳው ክፍል ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ2000 ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ድሪስ ቦይታርት ለማደሪያ ጓደኞቹ መልእክት መለዋወጫ ብሎ የጀመረው ነው። የድረ ገጹን ስም በደችኛ «መንደር» ሊለው አስቦ ፊደል ተሳስቶ «ጠብታ» ሆነበት ይባላል። በጃንዋሪ 2001 ኮዱን ለማንም ክፍት አደረገው። በ2004ቱ የአሜሪካ ምርጫ ዘመቻ የሃዋርድ ዲን ደጋፊዎች ተጠቀሙበት፤ በ2009 ዋይት ሐውስ ራሱ ገባበት።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ድንቅ ነገር ነበር። በጃንዋሪ 2011 የወጣውን ድሩፓል 7ን አንድ ትጉህ ልጅ ከኢንተርኔት እያነበበ ብቻውን ይተክለው ነበር። እኛ ጋ የነበረው ልጅም እንደዚያው ነው የተከለው።

ከዚያስ? በ2007 ፈጣሪው ራሱ አኩያ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ ሶፍትዌሩን ለትልልቅ ድርጅቶች በአገልግሎት መልክ መሸጥ ጀምሮ ነበር። በኖቬምበር 2015 ድሩፓል 8 ሲወጣ ውስጡ ከሥር ተለውጧል። የድሮው ኮድ በአዲሱ አይሠራም፤ ተጨማሪ ሞጁሎቹ እያንዳንዳቸው እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። አፕግሬድ ተብሎ ቁልፍ የሚጫኑበት ነገር አልነበረም። አዲስ ቤት ሠርተህ ዕቃህን አንድ በአንድ ታጓጉዛለህ። የባለሙያ ቡድን ላለው ባንክና ዩኒቨርሲቲ መልካም ነው። አንድ ቴክኒሻን ላለው ጋዜጣ ግን ከቤት ውጣ እንደማለት ነው። ይህ እንደሚመጣ የታያቸው ሰዎች ገና በ2013 ተገንጥለው ባክድሮፕ የሚባል ለትንንሾች የሚሆን ቅጂ ጀምረዋል። በ2019 ደግሞ ቪስታ የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት አኩያን በ1 ቢሊዮን ዶላር ግምት ጠቀለለው። ለማን ሲባል እንደተለወጠ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያሻ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው ከአሮጌው ቤት አልወጣም ብሎ ስለቀረ የድሩፓል 7 የመጨረሻ ቀን ሦስት ጊዜ ተራዘመ፤ ከ2021 ወደ 2022፣ ከዚያ ወደ 2023፣ በኋላም ወደ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025። በዚያ ቀን ድጋፉ ተቋረጠ። ልክ በ10ኛው ቀን ደግሞ ኮድ ለማይችል ሰው የተዘጋጀ አዲስ ድሩፓል ተመረቀ! ከአሥር ዓመት በፊት ያባረሩትን ሰው ነው እኮ እንደገና የሚጠሩት።

«በነፃ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ምን ዕዳ አለባቸው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዕዳ የለባቸውም። ጥፋቱን ሁሉ እነሱ ላይ መጣልም አልፈልግም። ኦክቶበር 15 ቀን 2014 ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ መድፈኛው ሲለቀቅ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሩፓል የደኅንነት ቡድን፣ በ7 ሰዓት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያልደፈነ ሁሉ «ተጠልፌያለሁ» ብሎ እንዲያስብ አስታወቀ። በግልጽ ተናግረዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ የትኛው መሥሪያ ቤታችን ነው ሌሊት 8 ሰዓት ሰርቨሩን የሚያይ ሰው የቀጠረው?

የኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። እኛ ድረ ገጽ የምናሠራው ሐውልት እንደምናስመርቅ ነው። ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው «ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ ዋጋዬ ዝቅ ይላል» ይላል፣ ኃላፊው ሪባን ይቆርጣል፣ ፎቶ ይነሳል። በቀጣዩ ዓመት በጀት ውስጥ ጥገና የሚል መስመር የለም። የይለፍ ቃሉን የያዘው ልጅ ሥራ ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዚያ መግለጫው፣ መመሪያው፣ ዘገባው ሁሉ ይጠፋና «ሲስተሙ ነው» ይባላል። ዋይት ሐውስም በ2017 ድሩፓልን ትቶ ወደ ዎርድፕሬስ ሄዷል፤ ግን ሕግ ስለሚያስገድደው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ገጾች በማኅደር ተቀምጠዋል፣ ዛሬም ይነበባሉ።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየሚዲያው ውል ለምትፈርሙ፦ ዶሜኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በጽሑፍ ርክክብ ይደረግበት። ይዘቱ ሁሉ በየስድስት ወሩ፣ ያለ ድሩፓልም ሊነበብ በሚችል ፋይል ወጥቶ ይቀመጥ። የዓመት የጥገና ክፍያም ውሉ ውስጥ ይግባ። ይህን ሲሰማ የሚያኮርፍ ተጫራች ካለ ይቅርባችሁ።

ከሦስቱ ጽሑፎቼ አንዱን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አገኘሁት፣ ያለ ፎቶው። ሁለቱ የሉም። አንደኛው በ2014 ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የጻፍኩት ነው። ያኔ ኮፒ አድርጋችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።